«ፎርማት ይደረግ!» ከማለታችን በፊት፦ የኮምፒውተርን ስርዓተ ክወና ስለ ማስቀመጥና ስለ መመለስ



በዚህ ዕትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ስለ አጠቃቀሙ አይደለም፤ እሱንማ በየክፍላችን እየተማርነው ነው። የምንነጋገረው ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ጠዋት አልነሣም ሲል ምን እንደምናደርግ፣ ይልቁንም ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው።

እንደሚታወቀው በብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ኮምፒውተር የብዙ ሰው ነው። ርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጽፍበታል፤ ጸሐፊዋ የተማሪ ስም ዝርዝር ታስገባበታለች፤ መምህራኑ ፈተና ያዘጋጁበታል፤ የሴሚስተሩ ማርክም በእሱ ይደመራል። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዘዋወር ቫይረሱም አብሮት ይዘዋወራል። መብራት በሥራ መካከል ድንገት ይጠፋል፤ ድንገት ይመጣል። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ የሚሠራ መሣሪያ አንድ ቀን ቢለግም ምን ያስገርማል? የሚያስገርመው እኛ ሳንዘጋጅ መገኘታችን ነው።

በዚያን ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚሰማው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ይባላል። ቴክኒሽያን ይጠራል፤ ዲስኩ ይጠረጋል፤ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይነሣል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ከሰዓት በኋላ ግን አንዱ መምህር መጥቶ «የሦስት ወር ማርኬ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ድኗል፤ ማርኩ ሞቷል። የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም።

እናቶቻችን ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ እርሾ ሳያስቀሩ ቡሃቃውን አያጥቡም። ገበሬውም ቢርበው እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት እጁን አያነሣም። የኮምፒውተር መጠባበቂያ ቅጂ፣ ማለትም ባክአፕ፣ ሌላ ምስጢር የለውም፤ እርሾና ዘር ነው።

1ኛ. በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ምን እንደምናስቀምጥ ለማወቅ በመጀመሪያ በዲስኩ ላይ ያለውን በሦስት ከፍለን እንመልከት።

ሀ/ ስርዓተ ክወናው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ ነው። ኮምፒውተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሣው፣ ዲስኩን፣ ማሳያውን፣ ማተሚያውን ሁሉ የሚያዝዘው እርሱ ነው።

ለ/ ፕሮግራሞቹና ማስተካከያዎቹ። ዎርድ፣ ኤክሴል፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ የማተሚያው ድራይቨር፣ የይለፍ ቃሎቹ፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ ክፍል ይገባሉ።

ሐ/ የራሳችን ሥራ። ማርክ ሊስቱ፣ የፈተናው ወረቀት፣ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅዱ፣ ደብዳቤው፣ ፎቶግራፉ ነው።

በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ከጠፋ እንደገና ይጫናል። ሁለተኛው ከጠፋ አንድ ሁለት ቀን ያለፋል እንጂ ይገኛል። ሦስተኛው ግን ከየትም አይገኝም። ዊንዶውስ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ አለው፤ የ7ኛ «ለ» ክፍል የሒሳብ ማርክ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የትምህርታችን የመጀመሪያ ሕግ ይህ ይሁን፤ ስርዓተ ክወናውንና የራሳችንን ሥራ ለየብቻ እናስቀምጥ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

2ኛ. ጥቂት ታሪክ

የአይ ቢ ኤም ፒሲ የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ስርዓተ ክወናው ዶስ ይባል ነበር፤ የሚመጣውም 160 ኪሎባይት በምትይዝ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነበር። ሙሉውን መገልበጥ ቀላል ነበር፤ «ዲስክኮፒ» የሚል ትእዛዝ ሰጥቶ ሁለተኛ ፍሎፒ ማጉረስ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። አብሮት የወጣው ዶስ 2.0 «ባክአፕ» እና «ሪስቶር» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ነበሩት። ሒሳቡን እንሥራው፤ የዚያን ጊዜዋ ፍሎፒ 360 ኪሎባይት ትይዝ ስለ ነበር፣ የሞላ ሃርድ ዲስክ ለመገልበጥ ወደ 30 ያህል ፍሎፒ በተራ ማስገባትና ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ከሠላሳዎቹ አንዷ ከተበላሸች ደግሞ በእርሷ ላይ የነበረው ፋይል አለቀለት ማለት ነው።

ዛሬ ያ ሁሉ በጣት በሚያዝ አንድ ዕቃ ላይ ይገባል። ሥራው ቀልሏል፤ የሰው ስንፍና ግን አልቀለለም።

3ኛ. የማስቀመጫ ዓይነቶች

ሰዎች «ባክአፕ አለኝ» ሲሉ የተለያየ ነገር ማለታቸው ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው እንለይ።

ሀ/ የመመለሻ ነጥብ፣ ማለትም ሪስቶር ፖይንት። ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው ምልክት ነው። አዲስ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ተጭኖ ኮምፒውተሩ ቢታወክ፣ ወደ ትናንትናው ሁኔታ ይመልሰዋል። የራሳችንን ፋይሎች አይነካም። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተዘግቶ ይገኛል፤ «ሲስተም ፕሮቴክሽን» ከሚለው ቦታ ገብቶ መክፈት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ለትንሽ ራስ ምታት የሚሆን እንጂ ለትልቅ በሽታ የሚሆን አይደለም።

ለ/ ሪሴት እና የማዳኛ ፍላሽ። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚል አማራጭ አላቸው። ይህም ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል፤ ፋይሎቻችንን እንዲያስቀር ወይም ሁሉንም እንዲያጠፋ ይጠይቀናል። ፋይሎቹን እንዲያስቀር ብንመርጥም እንኳ እኛ የጫንናቸው ፕሮግራሞች ይጠፋሉ። ኮምፒውተሩ ጨርሶ ካልተነሣ ደግሞ አስቀድሞ የተዘጋጀ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ያስፈልጋል። ለዚህ ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ይበቃል። ልብ በሉ፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ የሚሰጠንም ባዶ ዊንዶውስ እንጂ የእኛን ሥራ አይደለም።

ሐ/ ሙሉ ቅጂ። ቴክኒሽያኖች ኢሜጅ ይሉታል። የዲስኩን ሁለመና፣ የሚያስነሣውን ትንሽ ክፍል ጭምር፣ በተወሰነ ቀን እንደ ነበረው አንሥቶ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። በሚመለስበት ጊዜ ዊንዶውሱ፣ ዎርዱ፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ የማተሚያው ድራይቨር ሁሉ እንደ ነበረ ይመጣል። ፎርማት ተደርጎ እንደገና ሲጫን ቀን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሰዓት አካባቢ ሊያልቅ ይችላል።

መ/ የፋይል ቅጂ። የራሳችንን ሥራ ብቻ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ መገልበጥ ነው። ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መልሱ «ሐ» እና «መ» አንድ ላይ ናቸው። ሙሉ ቅጂ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ የፋይል ቅጂ ደግሞ ቢያንስ በየሳምንቱ፣ በፈተና ሰሞን በየቀኑ።

4ኛ. ሙሉ ቅጂ እንዴት ይወሰዳል?

ዊንዶውስ ውስጥ ራሱ «ሲስተም ኢሜጅ» የሚል የቆየ መሣሪያ አለ። ሆኖም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይህን መሣሪያ ማሻሻል ትቶ፣ ተጠቃሚዎች የሌሎችን ፕሮግራም እንዲጠቀሙ መክሯል። ስለዚህ እኛ እዚህ የምናሳየው ክሎንዚላ የተባለውን ነው። ክሎንዚላ በታይዋን አገር የተሠራ፣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ለዊንዶውስም ለኡቡንቱም ይሠራል። የጽሑፍ ገጹ የከበደው ሰው ሬስኪውዚላ የተባለውን ይሞክር፤ ሥራው ተመሳሳይ ሆኖ በመስኮትና በማውስ ይታዘዛል።

የሚያስፈልጉን ዕቃዎች ሁለት ናቸው። አንዲት ትንሽ ባዶ ፍላሽ፤ ፕሮግራሙ 1 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው የምናስቀምጥበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ዩፒኤስ ካለ ደግሞ እሰየው። ከዚያ በሚከተለው ቅደም ተከተል እንሠራለን።

1. ክሎንዚላን እናወርድና ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ወደ ፍላሹ እንጽፈዋለን። ዝም ብሎ መገልበጥ አይበቃም፤ ፍላሹ የሚያስነሣ መሆን አለበት።

2. ኮምፒውተሩን እናጸዳለን። በአንቲ ቫይረስ እንፈትሻለን፤ የማያስፈልገውን ፕሮግራም እናወጣለን፤ ዊንዶውስን እናድሳለን። በሽተኛ እርሾ የተቀመጠ እንደ ሆነ ሁልጊዜ የሚወጣው የተበላሸ ሊጥ ነው።

3. ኮምፒውተሩን በትክክል እናጠፋለን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዊንዶውስ «ጠፋሁ» ሲል ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ቶሎ ለመነሣት ብሎ ሥራውን በከፊል በዲስኩ ላይ አስተኝቶ ይወጣል። እንዲህ ተኝቶ ያለ ዲስክ ቅጂ ለመውሰድ አይመችም። መፍትሔው ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዞ «ሻት ዳውን» ማለት ነው።

4. ፍላሹን ሰክተን ኮምፒውተሩን እናበራለን፤ ከፍላሹ እንዲነሣ እናዝዘዋለን። በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤች ፒ ደግሞ ኤፍ 9 ደጋግሞ በመንካት የምርጫው ገጽ ይመጣል።

5. ክሎንዚላ ሲነሣ ቋንቋና ኪቦርድ እንመርጣለን። ቀጥሎ «ዲቫይስ-ኢሜጅ» የሚለውን፣ ከዚያ «ሎካል ዴቭ» የሚለውን እንመርጣለን። አሁን ኤክስተርናሉን ሰክተን፣ ቅጂው የሚቀመጥበት እርሱ መሆኑን እናሳያለን።

6. «ቢጊነር» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ሴቭ ዲስክ» የሚለውን እንመርጣለን። ለቅጂው ስም እንሰጣለን። ስሙ የኮምፒውተሩን ቦታና ቀኑን የያዘ ይሁን፤ ፕሮግራሙ የሚቀበለው የላቲን ፊደልና ቁጥር ስለ ሆነ አጭርና ግልጽ እናድርገው።

7. የሚገለበጠውን ዲስክ እንመርጣለን። መጠኑን እናንብብ። 500 ጊጋባይት የሚለው የኮምፒውተሩ፣ 1 ቴራባይት የሚለው የኤክስተርናሉ መሆኑን ሳናጣራ ወደፊት አንሂድ። ሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ሲያነብ አንዱ ቢያረጋግጥ መልካም ነው።

8. «ቅጂው ይመርመር?» ብሎ ሲጠይቀን «አዎን» እንበል። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን እንቅልፍ ይሰጣል።

ጊዜውን በግምት ማስላት ይቻላል። ክሎንዚላ የሚያውቀው ዓይነት ዲስክ ከሆነ ባዶውን ቦታ ትቶ የተያዘውን ብቻ ይገለብጣል። በዲስኩ ላይ የተያዘው 40 ጊጋባይት ነው እንበል። በሴኮንድ 50 ሜጋባይት ቢገለበጥ፣ 40,000 ለ50 ሲካፈል 800 ሴኮንድ፣ ይኸውም 13 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይሆናል። የዩኤስቢው መሰኪያ የቆየ ሆኖ በሴኮንድ 25 ሜጋባይት ብቻ ቢሄድ ደግሞ እጥፉን ይፈጃል። ምርመራው ሲጨመርበት ከሻይ ሰዓት አይበልጥም ማለት ነው።

5ኛ. እንዴት ይመለሳል?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ሙሉ ቅጂ ሲመለስ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ በላዩ ይጻፋል። ይህ ቃል ይጤን፤ ሁሉን ይደመስሳል። ቅጂው የተወሰደው በመስከረም ከሆነና የምንመልሰው በጥር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ የሚነሣው የመስከረሙን ሆኖ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር የገባው ማርክ በውስጡ የለም። እንግዲህ በመጀመሪያ «ለየብቻ እናስቀምጥ» ያልነው ለዚህ ነው። ሙሉ ቅጂ ብቻውን ለሚተማመን ሰው መድኃኒቱ ራሱ ገዳይ ሊሆንበት ይችላል።

ስለዚህ ከመመለሳችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ።

የመጀመሪያው፦ በእርግጥ መመለስ ያስፈልጋል ወይ? ዊንዶውስ በተከታታይ መነሣት ሲያቅተው ራሱ የጥገና ገጽ ያመጣል። ከዚያ «ስታርትአፕ ሪፔር» እና «ሲስተም ሪስቶር» የሚሉትን እንሞክር። በቀላሉ የሚድነውን በቢላዋ አንጀምር።

ሁለተኛው፦ ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ነው ወይ? የቆየው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ፋይል ለመክፈት ከልክ ያለፈ ጊዜ ከፈጀ፣ ችግሩ የዊንዶውስ ሳይሆን የዲስኩ ነው። በሚሞት ዲስክ ላይ መጻፍ በሚፈርስ ቤት ላይ ጣሪያ እንደ መሥራት ነው። አዲስ ዲስክ ይገዛ፤ መጠኑ ከአሮጌው ጋር እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ክሎንዚላ ከትልቅ ዲስክ የተወሰደን ቅጂ ወደ ትንሽ ዲስክ አይመልስምና።

ሦስተኛው፦ ከቅጂው በኋላ የተሠራው ሥራ ወጥቷል ወይ? ዊንዶውስ አልነሣም አለ ማለት ፋይሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም እኮ! ኡቡንቱን በፍላሽ አዘጋጅቶ፣ ሳይጭኑ ለሙከራ ብቻ በሚነሣበት መንገድ ማስነሣትና ከዲስኩ ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለውን አቃፊ ከፍቶ ሰነዶቹን ወደ ኤክስተርናል መገልበጥ ይቻላል። በ«ዴስክቶፕ»፣ በ«ዳውንሎድስ»፣ በ«ዶክዩመንትስ» ያለውን ሁሉ እንፈልግ፤ ብዙ መምህር ማርኩን የሚያስቀምጠው ፊት ለፊት ዴስክቶፑ ላይ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል። ያ ቁጥር አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ካልተቀመጠ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ከሌለ፣ በሩ እንደ ተዘጋ ይቀራል።

እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ በኋላ መመለሱ ራሱ ቀላል ነው። እንደ ቀድሞው ከፍላሹ እንነሣለን፤ «ሪስቶር ዲስክ» እንመርጣለን፤ የቅጂውን ስም፣ ቀጥሎም የሚጻፍበትን ዲስክ እናሳያለን። ክሎንዚላ «እርግጠኛ ነህ?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። መጠየቁ ለወግ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የዲስኩን መጠን እናንብብ። በመካከል መብራት ቢጠፋ አንደንግጥ፤ ኮምፒውተሩ በግማሽ ይቀራል እንጂ ቅጂው በኤክስተርናሉ ላይ እንዳለ ነው፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ሲያበቃ ፍላሹን አውጥተን ኮምፒውተሩን እናስነሣለን። ቀኑንና ሰዓቱን እናያለን፤ ዊንዶውስንና አንቲ ቫይረሱን እናድሳለን፤ ቅጂው የቆየ ስለ ሆነ ከዚያ ወዲህ የወጡ መከላከያዎች የሉትምና። ፋይሎቹን የምንመልሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ እነሱም በአንቲ ቫይረስ ተፈትሸው። ችግሩን ያመጣው ቫይረስ ከነበረ ያንኑ በሽተኛ ፍላሽ ወዲያው መሰካት ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ መሆኑንም እናስታውስ፤ ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሻገር፣ ካልቻለም እንደ ኡቡንቱ ያለውን ማሰብ ይገባል።

6ኛ. ያልተፈተነ ቅጂ ቅጂ አይደለም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ ባለሙያ ሌላ ችግር ለማስተካከል ሲደክም በስሕተት ዋናውን የመረጃ ማከማቻ ደመሰሰ። ድርጅቱ አምስት ዓይነት የማስቀመጫ ዘዴ ነበረው። በዚያ ምሽት ሲታዩ ግን አንዳቸውም እንደሚገባ የሚሠሩ ሆነው አልተገኙም፤ አንዳንዶቹ ከመጀመሪያውም በትክክል አልተዘረጉም ነበር። በመጨረሻ ያዳነው አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን ቀረ። ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ አሳወቀ፤ እኛም የምንማረው ከዚያ ነው።

ኮምፒውተር ሙያቸው የሆነ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ እኛማ ምን እንሁን? ስለዚህ መፈተን ያስፈልጋል። አሮጌም ቢሆን ትርፍ ዲስክ ከተገኘ፣ ዋናውን ነቅለን ቅጂውን በትርፉ ላይ መልሰን እንሞክር፤ ተነሣ ማለት ቅጂው ጤነኛ ነው። ትርፍ ዲስክ ከሌለ የክሎንዚላን የመመርመሪያ ምርጫ እንጠቀም። የፋይል ቅጂውን ደግሞ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስደን ሦስት አራት ፋይል ከፍተን እንይ። ስሙ መታየቱ አይበቃም፤ ውስጡ ይከፈት።

7ኛ. የት ይቀመጥ?

ባለሙያዎች 3-2-1 የሚሉት ደንብ አለ። ሥራችን በ3 ቅጂ ይኑር፤ ዋናውን ጨምሮ ማለት ነው። በ2 የተለያየ ማስቀመጫ ላይ ይሁን። ከዚያ ውስጥ 1ዱ ከሕንጻው ውጭ ይቀመጥ። ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያስቀመጠ ገበሬ ነቀዝ ሲገባበት የሚሆነውን እናውቃለን።

ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ «ዲ» በሚለው ላይ ማስቀመጥ፣ ለፎርማት ጊዜ ይረዳል እንጂ ባክአፕ አይባልም፤ ዲስኩ አንድ ነውና። ኤክስተርናሉን ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ሰክቶ መተውም አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ፋይሎችን እየቆለፈ ለመክፈቻ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቫይረስ የተሰካውንም ዲስክ አብሮ ይቆልፋል። ስለዚህ ቅጂው ካለቀ በኋላ ይነቀል፤ በቁም ሣጥን ይቆለፍ። የማርክ ሊስት የተማሪ ምስጢርም ስለ ሆነ በየኪሱ የሚዞር ፍላሽ ላይ ያለ ይለፍ ቃል መያዝ አይገባም።

8ኛ. ይህ የማን ሥራ ነው?

«ይህ የቴክኒሽያን ጉዳይ ነው፤ መምህር ምን አገባው?» የሚሉ አይጠፉም። ቴክኒሽያኑ ዊንዶውስን ያውቃል እንጂ የትኛው ፋይል የመጨረሻው ማርክ እንደ ሆነ አያውቅም። በገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ ቴክኒሽያን ከከተማ እስኪመጣ ሳምንትም ሊያልፍ ይችላል። የማርኩ ባለቤት ተማሪው፣ ጠባቂው ደግሞ መምህሩ ነው። አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ውጤት «ኮምፒውተሩ በላው» ብሎ መመለስ ለእኛ ለመምህራን የሚያምር መልስ አይደለም።

ለዚህም አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ የተወሰደው ቅጂ ዓይነት፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ የተፈተነበት ቀን፣ የሠራው ሰው ፊርማ፤ ስድስት ዓምድ ነው። ተራ ይውጣ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባለተራው ይገልብጥና ይፈርም። መምህር ቢዛወር እንኳ ደብተሩ ይቀራል።

በክፍል ስናስተምረውም በቃል ብቻ አናስተምረው። አንድ ሰነድ በተማሪዎቹ ፊት አጽፈን፣ አስገልብጠን፣ ዋናውን አስደምስሰን፣ ከቅጂው እናስመልሰው። ጠፍቶ ሲመለስ በዓይኑ ያየ ተማሪ ትምህርቱን አይረሳም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የመመለሻ ነጥብ እና ሙሉ ቅጂ በምን ይለያያሉ? ዲስኩ ቢቃጠል የትኛው ይተርፋል?

2. አንድ ትምህርት ቤት በመስከረም ሙሉ ቅጂ ወሰደ፤ የፋይል ቅጂ ግን አልወሰደም። በጥር ዊንዶውሱ አልነሣም አለ። ቅጂውን ከመመለስ በፊት በቅደም ተከተል ምን ምን ይደረግ?

3. የተያዘው 60 ጊጋባይት ቢሆንና በሴኮንድ 40 ሜጋባይት ቢገለበጥ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

4. በምታውቁት አንድ ቢሮ ያለው ሥራ 3-2-1 የሚለውን ደንብ ያሟላል ወይ? የጎደለው ምንድን ነው?

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጋዜጣ ግርጌ ለጥፉት፤ እየተራረምን እንማማርበታለን። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ አንድ ነገር እናድርግ፤ የራሳችንን ፍላሽ ከፍተን፣ በእርሱ ላይ ብቻ ያለውን ሥራ ወደ ሁለተኛ ቦታ እንገልብጥ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።